ብርሃኑን በሰያፍ ሂድ ያለው ማን ነው?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ቤት። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ክፍል ውስጥ የማይክልሰንና የሞርሊን ሙከራ ሳስረዳ አንድ ጥያቄ ተነሳ። እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የፊዚክስ ሰዎች ብርሃን ሞገድ ከሆነ የሚጓዝበት ነገር ያስፈልገዋል ብለው ያምኑ ነበር። ድምፅ አየር እንደሚያስፈልገው ማለት ነው። ያንን ነገር ኤተር አሉት። ምድር ፀሐይን ስትዞር ኤተሩን እየሰነጠቀች ታልፋለች። አልበርት ማይክልሰንና ኤድዋርድ ሞርሊ በ1887 ክሊቭላንድ ውስጥ አንድን ብርሃን ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን ምድር በምትሄድበት አቅጣጫ ላኩት፣ ግማሹን ደግሞ ወደ ጎን። ሁለቱ ከመስታወት ተመልሰው ሲገናኙ የቱ እንደዘገየ ለማየት ነው።

ሰሌዳው ላይ የተለመደውን ስዕል ሳልኩ። ወደ ጎን የሚሄደው ብርሃን ቀጥ ብሎ አይወጣም። መሣሪያው ከምድር ጋር ስለሚሄድ ብርሃኑ በሰያፍ ይወጣል፣ በሰያፍ ይመለሳል። የቤት ጣሪያ ይመስላል።

አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣ። የኤተር ሞገድ ከሆነ ምንጩ ቢሮጥም ባይሮጥም ለሞገዱ ለውጥ የለውም አይደል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ኳስ ከሚሄድ መኪና ላይ ወደ ላይ ብንወረውር የመኪናውን ፍጥነት ይዞ ይሄዳል፣ ሞገድ ግን እንደዚያ አይደለም። ታዲያ መስታወቱ ወደ ፊት እንደሚሸሽ ለብርሃኑ ማን ነገረው? ለምን ቀጥ ብሎ ወጥቶ መስታወቱን አይስተውም?

መልስ አልነበረኝም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ጠይቄ ስዕሉን ሸምድድ ተብዬ ነው ያለፍኩት። ለዚህ ልጅ ግን ያንን መልስ መስጠት አልፈልግም። የምታውቁ እርዱኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ክሩ ረዝሞ 21 ምላሽ ደረሰ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ በየቁጥራቸው ልተርክላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ በጣም ትሁት ነበረች። መምህር ብላ ሰላምታ ሰጥታኝ፣ ከሁሉ በፊት መጠኑን እንወቅ አለች። ምድር በምሕዋሯ ላይ በሰከንድ 30 ኪሎሜትር ያህል ትሄዳለች። ብርሃን ደግሞ 300,000 ኪሎሜትር። ስለዚህ ምድር የብርሃንን 10,000ኛ እጅ ነው የምትፈጥነው። በ1887ቱ መሣሪያ ላይ ብርሃኑ በብዙ መስታወቶች መካከል እየተመላለሰ የእያንዳንዱ ክንድ፣ ማለትም ብርሃኑ እስከ መጨረሻው መስታወት የሚሄድበት መንገድ፣ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ሆኖ ነበር። ደርሶ መልስ 22 ሜትር ማለት ነው። ብርሃን ይህን መንገድ ሲጨርስ ምድር 2.2 ሚሊሜትር ተራምዳለች። ተማሪህ የሚጠይቀው ስለዚህች 2.2 ሚሊሜትር ነው ብላ ጨረሰች። ጥያቄውን በሚጨበጥ ቁጥር አስቀመጠችልኝ።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ባሕር ዳር ያደገ ሰው ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችን እያየ አድጓል። ማዶ ለመሻገር የሚፈልግ ቀዛፊ የታንኳውን አፍ ፊት ለፊት ወዳለው ዳርቻ አያዞርም። ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚመጣበት ያጋድለዋል። ውኃው እየገፋው ትክክለኛው ቦታ ላይ ያደርሰዋል።

ከዚያ ቁጥር ጨመረበት። አንድ የሞተር ጀልባ በሰከንድ 5 ሜትር ይሄዳል፣ ወንዙ በሰከንድ 3 ሜትር ይፈሳል እንበል። ወንዙን ተከትሎ 100 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት 50 ሰከንድ፣ ለመመለስ 12.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። በድምሩ 62.5። 100 ሜትር ወንዙን አቋርጦ ለመመለስ ግን 50 ሰከንድ ይበቃዋል። ሁለቱም መንገዶች 200 ሜትር ናቸው፣ ጊዜያቸው ግን ለየቅል ነው። ማይክልሰን የፈለገው ይህንን ልዩነት ነበር። ምሳሌው ቆንጆ ነው። ለክፍሌ ወስጄዋለሁ።

ምላሽ 3

ሦስተኛው ግን አልወደደውም። ቀዛፊው ዓይን አለው አለ። ማዶውን ያያል፣ ያስባል፣ ታንኳውን ያዞራል። ብርሃን ዓይን የለውም። ስለዚህ ምላሽ 2 ጥያቄውን በሌላ ቃል ደገመው እንጂ አልመለሰውም። አነጋገሩ ትንሽ ቆርጠም ያለ ነበር፣ ነገር ግን እውነቱን ነው። ተማሪዬም ይህንኑ ነበር የሚለኝ።

ምላሽ 4

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ይህን የጻፈው ጀርመን አገር በሌንስና በመስታወት ሥራ ላይ ያለ ወንድማችን ነው። ለዓመታት የፈለግኩትን መልስ ያገኘሁት ከእሱ ነው።

ብርሃኑን እንደ ቀጭን ክር አታስቡት አለ። ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እንደሚመጣ ሰልፍ አስቡት። ብርሃኑን ለሁለት የሚከፍለው መስታወት፣ ከፋዩ፣ 45 ዲግሪ ዘንበል ብሏል። ስለዚህ የሰልፉ አንዱ ጠርዝ መስታወቱን ቀድሞ ይነካል፣ ሌላው ጠርዝ ኋላ ይደርሳል። መስታወቱ ባለበት የቆመ ቢሆን ኖሮ ሰልፉ በሙሉ ልክ 90 ዲግሪ ይታጠፍ ነበር። ግን አልቆመም። አንደኛው ጠርዝ ከነካው በኋላ ሌላኛው እስኪደርስ ድረስ መስታወቱ ወደ ፊት ፈቀቅ ብሏል። የኋለኛው ጠርዝ መስታወቱን የሚያገኘው አለፍ ብሎ ነው። ሰልፉ መስታወቱን የነካባቸውን ነጥቦች በመስመር ብናያይዛቸው መስመሩ 45 ዲግሪ አይሆንም። በጣም በጥቂቱ ጋደም ያለ ይሆናል።

ለብርሃኑ መስታወቱ ያጋደለ ያህል ነው ማለት ነው። የሚጋደለው በ1 ራዲያን (57 ዲግሪ ያህል) 20,000ኛ ነው። መስታወት ሲዞር የሚመለሰው ብርሃን በእጥፍ ስለሚዞር ብርሃኑ በ10,000ኛ ወደ ፊት ያዘነብላል። ይህ ቁጥር ምላሽ 1 ላይ ያየነው ነው፣ የምድር ፍጥነት ለብርሃን ፍጥነት። 11 ሜትር ሲወጣ 1.1 ሚሊሜትር ወደ ፊት ይሄዳል። የላይኛው መስታወትም በዚያው ጊዜ 1.1 ሚሊሜትር ሄዷል። ይገናኛሉ።

ብርሃኑን ማንም አልነገረውም። ከሚሸሽ መስታወት ላይ የሚመለስ ሞገድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ሳልኩት። ይሠራል።

ምላሽ 5 እና 6

5ኛው መላሽ በአክብሮት አንድ ቀዳዳ አሳየ። መሣሪያው 90 ዲግሪ ሲዞርስ? ያኔ ወደ ጎን የሚሄደው ብርሃን ከፋዩን መስታወት ሰንጥቆ የሚያልፈው ነው። እሱን ማንም አላንጸባረቀውም፣ ታዲያ ማን አጋደለው?

6ኛዋ ቶሎ ደረሰች። መብራት ብርሃን የሚረጨው በሁሉም አቅጣጫ ነው አለች። በመሣሪያው ውስጥ የሚያልፈው ግን የመግቢያውን ቀዳዳ ካለፈ በኋላ ቀጥሎ ያለው መስታወት ወደሚደርስበት ቦታ ያዘነበለው ብቻ ነው። ቀጥ ያለው ጨረር ይባክናል። ከዚያ ክረምትን አነሳች። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ቢወርድም እየተራመድን ከሆነ ጃንጥላውን ወደ ፊት ዘንበል እናደርጋለን። የከዋክብት ተመራማሪው ጄምስ ብራድሊ በ1728 ያስረዳው ይህንን ነው። ምድር ስለምትሄድ ቴሌስኮፑን ከኮከቡ ትክክለኛ አቅጣጫ በጥቂቱ ወደ ፊት ማዘንበል ያስፈልጋል፣ 20 የቅስት ሰከንድ ያህል (የቅስት ሰከንድ የ1 ዲግሪ 3,600ኛ ነው)። 10,000ኛ ራዲያንን ወደ ቅስት ሰከንድ ቀይሩት አለችን። ቀየርኩት። 20.6 መጣ። የብራድሊ ኮከብና የማይክልሰን መስታወት አንድ ማዕዘን ላይ መገናኘታቸው ደስ አሰኘኝ።

ምላሽ 7

ይህኛው ታሪክ ያውቃል። ተማሪህ እንዳያፍር ንገረው አለኝ፣ ምክንያቱም ማይክልሰን ራሱ እዚሁ ሰያፍ መንገድ ላይ ተሳስቷል።

የመጀመሪያው ሙከራ በ1881 ነበር። ክንዶቹ 1.2 ሜትር ብቻ ነበሩ። ማይክልሰን ሂሳቡን ሲሠራ ወደ ጎን የሚሄደው ብርሃን በምድር ጉዞ ምንም አይነካም ብሎ አሰበ። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል ብሎ ማለት ነው። ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ፖቲየ ስህተቱን አሳየው። በ1886 ደግሞ ሄንድሪክ ሎረንትስ ሙከራውን በጥልቀት መርምሮ ይህንኑ አነሳ። በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ይህ ነገር ተዘንግቶ እንደነበር በግልጽ ጽፈዋል። ስህተትን እንዲህ በአደባባይ ማመን ትልቅነት ነው።

ስህተቱስ ምን ያህል ያደርሳል? 7ኛው በ1887ቱ መሣሪያ ሠርቶ አሳየን። 11 ሜትር ወጥቶ 1.1 ሚሊሜትር ወደ ጎን የሄደ ሰያፍ መስመር ከቀጥታው የሚረዝመው በ55 ናኖሜትር ነው (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው)። ደርሶ መልስ 110 ናኖሜትር። ምድር በምትሄድበት አቅጣጫ የተላከው ብርሃን ደግሞ በ220 ናኖሜትር ይረዝማል። ልዩነታቸው 110። መሣሪያው 90 ዲግሪ ሲዞር ሚናቸውን ስለሚለዋወጡ ለውጡ 220 ናኖሜትር ይሆናል። የቢጫ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 550 ናኖሜትር ቢሆን፣ ሲካፈል 0.4 ይመጣል። ማይክልሰንና ሞርሊ ይታያል ብለው የጠበቁት ይህንን ነው። ሁለቱ ብርሃኖች ሲገናኙ የሚፈጥሯቸው ብሩህና ጥቁር መስመሮች በአንድ መስመር ስፋት 0.4 ያህል ይንቀሳቀሳሉ ብለው ነበር። ሰያፉን ብንረሳው 0.8 እናገኝ ነበር። የ1881ዱ ግምትም በዚያው መንገድ ከ0.08 ወደ 0.04 ወረደ።

የታየው ግን ከተጠበቀው 20ኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ኤተሩ የለም፣ ወይም ራሱን ደብቋል።

ይህን ለተማሪዬ ስነግረው ምንም አላለም። ደብተሩን አውጥቶ ፖቲየ የሚለውን ስም ጻፈ።

ምላሽ 8

8ኛው 7ኛውን አረመ። 7ኛው የ1881ዱ ሙከራ በርሊን ተደረገ ብሎ ነበር። በርሊን ተጀመረ እንጂ እዚያ አልተጠናቀቀም። የመንገዱ ንዝረት ስላስቸገረ መሣሪያው ወደ ፖትስዳም የከዋክብት ምልከታ ጣቢያ ተወሰደ። እዚያም ቢሆን 100 ሜትር ርቆ ሰው መንገዱን በእግሩ ሲረግጥ መስመሮቹ ይጠፉ ነበር። በ1887 ጎኑ 1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ የድንጋይ ጠፍጣፋ በሜርኩሪ ላይ ያንሳፈፉት ለዚህ ነው። ሳያናውጡት በቀስታ ያዞሩት ነበር፣ አንዱ ዙር 6 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። 7ኛው አመስግኖ እርማቱን ተቀበለ።

ምላሽ 9፣ 10 እና 11

እዚህ ላይ ወሬው ሄደ። 9ኛዋ ሜርኩሪ ለምን ትላላችሁ፣ ባዜቃ የሚል የራሳችን ቃል አለ አለች። ቃሉን የሰማችው ከአንጥረኛ አጎቷ ነው። ልክ ናት፣ ከአሁን በኋላ ባዜቃ እላለሁ። 10ኛው የባዜቃ ትነት መርዝ መሆኑን አስታውሶ ምድር ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ባዜቃ ይዘው መሥራታቸው አሳዘነው። 11ኛው የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ኢተርኔት የሚባለው ኬብል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ኤተር እንደሆነ ነገረን። በ1973 ስሙን ያወጣለት ቦብ ሜትካልፍ ነው። ኤተሩ ከፊዚክስ ወጥቶ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ቀርቷል።

ምላሽ 12፣ 13 እና 14

ከዚያ ነገሩ መረር አለ። 12ኛው ሙከራው የሚያረጋግጠው ምድር ቆማ እንደሆነች ነው አለ። ምድር ካልሄደች ሰያፍም የለም፣ ልዩነትም የለም፣ ውጤቱ ዜሮ ነው፣ አለቀ። መምህራን ይህንን እያወቁ ይደብቃሉ ብሎ ጨመረበት። 13ኛው በቁጣ መለሰለት። ካለማንበብህ የተነሳ ነው አለው፣ ሌላም ብዙ አለ። ያንን አልደግመውም። ሰውን መስደብ ሰያፉን አያስተካክለውም።

14ኛዋ ግን ረጋ ብላ ጻፈች። የምላሽ 12 ሐሳብ ለሙከራው ብቻ ቢሆን ይሠራ ነበር አለች፣ ይህን ማመን አለብን። ነገር ግን ምላሽ 6 ላይ የተነሳው የብራድሊ ኮከብ አለ። በዓመት ውስጥ አቅጣጫውን እየለዋወጠ 20 የቅስት ሰከንድ ወዲያና ወዲህ ይላል። የቆመች ምድር ይህን አታደርግም። ደግሞ ማይክልሰን ራሱ በ1925 ከሄንሪ ጌል ጋር ቺካጎ አጠገብ ሌላ ሙከራ አደረገ። 612 ሜትር በ339 ሜትር የሆነ የቧንቧ አራት ማዕዘን ዘርግተው አየሩን አወጡበት። ብርሃኑን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ አዞሩት። ምድር በዛቢያዋ ስለምትዞር የሚጠበቀው ለውጥ የአንድ መስመር ስፋት 0.236 ነበር። ያገኙት 0.230 ነው። 12ኛው ከዚህ በኋላ አልጻፈም። ቢመለስ ግን ቦታ አለው።

ምላሽ 15 እና 16

15ኛው ዴይተን ሚለርን አነሳ። ሚለር በ1920ዎቹ ማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ ትልቅ መሣሪያ ተክሎ በሰከንድ 10 ኪሎሜትር የሚያህል የኤተር ነፋስ አገኘሁ ብሏል። ይህን ለምን አናነሳም፣ አንድ ወገን ብቻ ለምን እንሰማለን ብሎ ወቀሰን። ወቀሳው ፍትሐዊ ነው። 16ኛው መለሰ። በ1955 ሮበርት ሻንክላንድና ባልደረቦቹ የሚለርን መዝገቦች እንደገና መርምረው ለውጡ ከሙቀት መለዋወጥ የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። የብርሃኑ መንገድ በሙቀት ምክንያት በ100 ናኖሜትር ቢለጠጥ ምን እንደሚሆን ከምላሽ 7 ቁጥሮች ማየት ይቻላል።

ምላሽ 17 እና 18

17ኛው አጥብቆ ተከራከረ። አንስታይን በ1905 ኤተር አያስፈልግም ካለ በኋላ ሰያፉ ተረት ነው አለ። መሣሪያው አጠገብ የቆመ ሰው ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚያየው። ምላሽ 4ን የጻፈው ሰው ሰዉን አሳሳተ፣ መምህሩም ተማሪውን በሌለ ነገር አደከመ አለ። ስሜቴን ነካው፣ አልዋሽም።

ጀርመን ያለው ወንድማችን 18 ላይ ተመለሰ። አልተቆጣም። ሁለቱም እውነት ነው አለ። በመሣሪያው ጎን ለቆመ ሰው ብርሃኑ ቀጥ ይላል። መሣሪያው ሲያልፍ ከውጭ ለሚያየው በሰያፍ ይሄዳል። ለሁለቱም የብርሃን ፍጥነት እኩል ከሆነ ሰያፉን የሚያየው ሰው ረጅም መንገድ ስለሚቆጥር ረጅም ጊዜም ይቆጥራል። የሚሄድ ሰዓት ይዘገያል የሚባለው ከዚችው ሦስት ማዕዘን ነው የሚወጣው። አንስታይን ሰያፉን አልጣለውም። ሰያፉ ለማን እንደሚታይ ነው የጠየቀው። 17ኛው ከብዙ ሰዓት በኋላ ይህን እንደተቀበለ ጻፈ፣ በእኔ ላይ ስለተናገረውም ይቅርታ ጠየቀ። አመስግኛለሁ።

ምላሽ 19

19ኛዋ ዋሽንግተን አካባቢ ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። ከፊዚክስ ወጣ አለች። በክሩ ያስደነቃት ሁሉም ነገር በአማርኛ መነገሩ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስትማር ይህንን ስዕል አልገባትም ነበር፣ አሁን በሰልፍና በጃንጥላ ገባት። ማታ ለልጇ አስረዳችው። ስለማስተማሪያ ቋንቋ ብዙ ማለት ይቻላል፣ ሌላ ክር ይከፈትለት። እኔ ግን ሰልፍ የሚለውን ቃል አልለቅም።

ምላሽ 20

ይህ የራሴ ነው። ክፍል ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያ ተማሪ አንድ ነገር ለመነኝ፣ ሰያፉን በትክክለኛ መጠኑ ሰሌዳ ላይ ሳልልን አለ። 11 ሜትሩን ወደ 1 ሜትር አሳነስነው። ወደ ጎን የሚሄደው 1.1 ሚሊሜትር 0.1 ሚሊሜትር ሆነ። ሁለቱን መስመሮች፣ ቀጥ ያለውንና ሰያፉን፣ በጠመኔ አሰመርናቸው። አንድ መስመር ሆኑ። ሰያፉ የጠመኔው ውፍረት ውስጥ ገባ። መጽሐፎቹ ላይ ያለው የቤት ጣሪያ እንድናየው ተብሎ የተጋነነ ነው። ልጆቹ ተራ በተራ እየመጡ ዓይናቸውን ሰሌዳው ላይ አስጠግተው ፈለጉት።

ምላሽ 21

የመጨረሻው እስካሁን ሌሊት ላይ የመጣ ነው። የጻፈው ያው ተማሪዬ ነው፣ ክሩን አግኝቶታል። ሁለቱ ክንዶች እኩል ባይሆኑስ ብሎ ይጠይቃል። አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ቢሆን ውጤቱ ዜሮ ይሆናል ወይ? በ1932 ሮይ ኬኔዲና ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ይህንኑ ሞክረዋል፣ ነገ ጠዋት ስለ እነሱ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ምላሽ 4ን የጻፍከው ወንድሜ፣ ካለህ በል።